ሠላሳ ሁለተኛው አባል

ይህን የድንጋይ ክምር እዩት። ከመንገድ ዳር ቆማችሁ አይደለም፤ ወደ ወንዙ ውረዱና ቅረቡት። ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ ቢቆም ያህላል ርዝመቱ፤ ቁመቱ የሰው ደረት ይደርሳል። አንዱንም ድንጋይ መኪና አላመጣውም። ከካቱምቢ ኮረብታ በሴት ጀርባ፣ ጠፍሩ ግንባር ላይ ታስሮ፣ በየማክሰኞው የወረደ ነው። አሁን መሐሉ ሣር አብቅሏል፤ እንሽላሊት ቤት ሠርቶበታል። ግድብ ሊሆን ነበር።

የክምሩን ታሪክ ከማንም በላይ የምታውቀው ስዮምቡዋ ናት፤ በመንደራችን አጠራር የሙቱኩ እናት። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠችው በድርቅ የአባቷ ፍየሎች ባለቁበት ዓመት ነው። ባሏ ማሲላ ሞምባሳ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ ሦስት ዓመት ኖሮ እያሳለ ተመለሰና ከቤቱ ጓሮ ተቀበረ። ልጇ ሙቱኩ ናይሮቢ ውስጥ የሰው መኪና ይነዳል፤ ለገና ይደውላል።

የመጨረሻው ድርቅ አራት ላሞቿን በአንድ ወር ሲጨርስ አላለቀሰችም። ቆዳቸውን ገፈፈች፣ አሰጣች፣ ሸጠች። ጎረቤቶቿ ያን ጊዜ "የሙቱኩ እናት ልቧን የሆነ ቦታ ጥላው መጥታለች" አሉ። በክፋት አልነበረም። ሰው ስትቀብርም ሰው ስትድርም ፊቷ አንድ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፤ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከቁመቷ የጠለቀ ጉድጓድ ወርዳ ውኃ በቅል እየጨለፈች ጀሪካን ትሞላለች፤ ሁለት ሰዓት ትመለሳለች። የጤና ጣቢያው ሰው ወገቧን ዳብሶ "ይሄ ጀርባ ከእንግዲህ ጀሪካን አይችልም" ካላት ሁለት ዓመት አልፏል። ቀላል ነገር ነው፤ ወይ ከቤቷ በታች ግድቡ ይሠራል፣ ወይ መሬቷን ጥላ ናይሮቢ ሄዳ ከልጇ አንዲት ክፍል ጥግ ትቀመጣለች። ሦስተኛ መንገድ የለም።

የአሸዋ ግድብ ለማታውቁት፦ ወንዛችን በዓመት ጥቂት ቀን ነው የሚፈሰው። በመሐሉ ግንብ ከተሠራ ጎርፉ አሸዋውን ያስቀምጣል፤ አሸዋው ውኃውን ይዞ ያከርማል። ሌላ ሚስጥር የለውም። ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ጉልበት ነው የሚፈልገው። ጉልበት ሞልቶናል።

ጉልበቱን የምናቀናጀው በደቦ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ምዌትያ ይባላል። የእኛው ደቦ ሠላሳ አንድ አባላት አሉት፤ ከሦስት ሽማግሌዎች በስተቀር ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሊቀመንበሯ ካሉንዴ ናት፣ ድምፀ ጎርናናዋ። ጸሐፊዋ ስዮምቡዋ። በየማክሰኞው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስም ይጠራል። የመጣ "አለሁ" ይላል፤ ያልመጣ "ቀረ" ተብሎ ይጻፋል። መልእክት ሳይልክ ሦስት ማክሰኞ የቀረ አባል ቤቱ ድረስ እየተዘፈነ ይኬድና ድስቱ ይወሰዳል። ድስት የሌለው ቤት አያበስልም፤ ስለዚህ ሰውየው በሚቀጥለው ማክሰኞ በእግሩ መጥቶ ድንጋይ ይሸከማል፣ ድስቱንም ይዞ ይገባል። በዚህ ደንብ ማንም አኩርፎ አያውቅም። ቢያንስ በአደባባይ።

ፊደሊስ ንዱንዳ የወረዳችን ተወካይ ለመሆን ሲወዳደር የመጣው ማክሰኞ ነው። አውቆ ነው። ሳይጠራው የተሰበሰበ ሠላሳ አንድ መራጭ በሌላ ቀን ከየት ያገኛል? ሁለት መኪና፣ ድምፅ ማጉያ፣ ቢጫ ካናቴራ። ንግግር ሊጀምር ነው ስንል ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ኮረብታው ላይ ወጥቶ ድንጋይ መረጠ። ትንሽ አልመረጠም፤ ይህን ልመስክርለት። በትከሻው ተሸክሞ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ወንዙ ዳር አወረደው።

እልልታው ቀለጠ። ካሉንዴ ወገቧን ይዛ፣

"ክቡር፣ ይጠንቀቁ!" አለችው። "እኛ ዘንድ ድንጋይ የተሸከመ አባል ነው። ስሙ መዝገብ ይገባል።"

"ጻፉኝ!"

"አባል ደግሞ ከቀረ ይቀጣል።"

"ቅጡኝ! እናቶቼ አይደላችሁ? እናት ያልቀጣችውን ማን ሊቀጣው?" ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። "ድንጋዩ ከእናንተ! ሲሚንቶውና ብረቱ ከእኔ! ከተመረጥኩ ሁለተኛው ዝናብ ሳይመጣ እዚህ ቆማችሁ ውኃ በእጃችሁ ትጨልፋላችሁ!"

ስዮምቡዋ አልሳቀችም፣ አላጨበጨበችም። ደብተሯን ገልጣ "ሠላሳ ሁለት፦ ፊደሊስ ንዱንዳ" ብላ ጻፈች። ብዕሩን ዘረጋችለትና "ፈርም" አለችው። ፈረመ። ሲፈርም የተነሳው ፎቶግራፍ በወረዳው ግድግዳ ሁሉ ላይ ተለጠፈ።

ይህን ስነግራቸው የሚስቁ የከተማ ሰዎች አሉ። "የሴቶች ደብተር ላይ መፈረም ምን ዋጋ አለው?" ይሉኛል። ምኑ ያስቃል? ምርጫ ካርድ በአምስት ዓመት አንዴ ያዩታል። ያ ደብተር በየሳምንቱ ይጠራቸዋል፤ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ያመጣል። ወረዳችን ውስጥ ከእሱ የሚበልጥ ሕግ አይቼ አላውቅም። ሰውየውን የመረጡት አፉን አምነው አይደለም። አባል ነው ብለው ነው።

ተመረጠ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ስዮምቡዋ ስም ጠራች፤ መጨረሻ ላይ ደረሰች።

"ሠላሳ ሁለት፣ ፊደሊስ ንዱንዳ!"

"መንገድ ላይ ነው!" አለች አንዷ።

"ጫማውን እያወለቀ ነው!"

"ኧረ ተዉት፣ ያቺ ድንጋይ ወገቡን ይዛው ተኝቷል!"

ሳቁ ኮረብታው ድረስ ተሰማ። ስዮምቡዋ "ቀረ" ብላ ጻፈች።

እንዲህ እየተሳቀ ወራት አለፉ። ድንጋዩ ግን ከፍ እያለ ሄደ፤ የእነሱ ድርሻ ነዋ። ሲሚንቶ ይመጣል የተባለበት ወር አለፈ፤ ሌላ ወር ተባለ፤ እሱም አለፈ። ቀልዱ ሳሳ። ከዓመት በኋላ ሠላሳ ሁለተኛው ስም ሲጠራ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ጥሪ፣ "ቀረ"። ከዚያ ሰው ሁሉ ጠፍሩን አንስቶ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

አንድ ቀን ሳልታገሥ ጠየቅኳት። "አይሰለችሽም? አንቺ ራስሽ አትናደጂም?"

"ስሙ አለ" አለች። "ስም ካለ ይጠራል።"

ሌላ ምንም አልወጣትም። እኔ ተናድጄ እንቅልፍ አጣሁ፤ እሷ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ሄደች።

ነገሩን ያፈነዳችው ምባታ ናት። ምባታ ጉልበቷ የሚያብጥባት፣ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። በዚያ ሰሞን ሦስት ማክሰኞ ቀርታ መልእክት የምትልክበት ሰው አጥታ ድስቷ ተወሰደ። ድስቱን ከምድጃው ያነሳችው ራሷ ስዮምቡዋ ነበረች። በሳምንቱ ምባታ እያነከሰች መጣች። ድንጋይ አልተሸከመችም። ስም ሲጠራ ቆማ ሰማች። ሠላሳ ሁለተኛው ስም ተጠርቶ "ቀረ" ሲጻፍ፣

"ስንት ሆነ?" አለች።

"ምኑ?"

"የሱ። ስንት ማክሰኞ ቀረ?"

ስዮምቡዋ ገጾቹን ገለጠች። መዝሪያና ቀብር የዋለባቸው ማክሰኞዎች ሳይገቡ ቆጠረች። "ዘጠና ሰባት።"

"እኔስ ስንት ነበር የቀረሁት?"

ስዮምቡዋ ገጹን ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች።

"ሦስት!" አለች ምባታ። "በሦስት ድስቴን ወሰድሽ የሙቱኩ እናት። ዘፍናችሁ! ልጆች ወጥተው እያዩ! ለሱ ዘጠና ሰባት ጊዜ ብዕርሽን ብቻ? ወይ የሱንም ቤት ሂዱ፣ ወይ የኔን ስም ከዚህ ደብተር አውጡት። ወጣሁ። ድንጋያችሁንም እንሽላሊት ይውረሰው!"

ከኋላ አንዷ "የኔንም" አለች። ሌላዋም። ካሉንዴ ጎርናና ድምፅዋን ስታነሳ የሚሰማት አልተገኘም። ስዮምቡዋ ምባታን አየቻት፣ ደብተሩን አየችው። ሠላሳ አንዱ ከተበተኑ ግድብ የለም፤ ግድብ ከሌለ ናይሮቢ ናት። ይህን ፊቷ ላይ ያነበበ የለም፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። "የሚቀጥለው ማክሰኞ ወንዝ አንወርድም" አለች። "የአባሉ ቤት እንሄዳለን።"

ሄዱ። ምባታ እንኳ ምርኩዝ ይዛ ሄደች። ሌላ ጊዜ ለቅጣት ሲኬድ ይዘፈናል፤ ያን ቀን ማንም ዘፈን አላነሳም። የንዱንዳ ቤት ከገበያው በላይ ነው፤ ሰማያዊ ጣሪያ፣ የብረት በር፣ ከበሩ ኋላ ሁለት ትልልቅ የውኃ በርሜል በእንጨት ማማ ላይ። በሩን የሚጠብቀው ሙቲንዳ ይባላል፤ ዱላውን ይዞ መሐል ቆመ።

"ክቡር እንግዳ አይቀበሉም! ቀጠሮ አላችሁ? ቀጠሮ ከሌላችሁ አንድ እርምጃ—"

ከሴቶቹ መሐል ካሉንዴ ወጣች። ካሉንዴ የሙቲንዳ ሚስት እናት ናት። በእኛ ዘንድ አማችና አማት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ መንገድ ላይ ከተገናኙ እሱ ወደ ጫካ ይገባል፣ እሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ነውር ነው፤ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ሙቲንዳ አማቱን ሲያይ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ወደ ግራ አለ፤ ግንብ። ወደ ቀኝ አለ፤ ሴቶች። በመጨረሻ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ጠለቀ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

"እግዜር ይስጠው" አለች ካሉንዴ ከሻርፗ ስር። "እንዲህ ጨዋ አማች መሆኑን አላውቅም ነበር።"

ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቁ ግቢው መሐል ሲደርሱ አለቀ።

ንዱንዳ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ወፍሯል። እጆቹን ዘረጋ።

"እናቶቼ! ምነው ሳትነግሩኝ? ካታኑ! ለእናቶቼ ሻይ! ወንበር አምጡ!" ሚስቱ ካታኑ ጓሮ ምድጃ ላይ ሻይ ከሚፈላበት ትልቅ ድስት ቀዳች። ንዱንዳ ተቀመጠ፣ መሐረቡን አወጣ። "የግድቡን ነገር ነው አይደል? ሌት ተቀን እሱን ነው የማስበው። በጀቱ በሂደት ላይ ነው። ከላይ ፊርማ እየተጠበቀ ነው። ኮሚቴም ተቋቁሟል።"

ስዮምቡዋ ሻይ አልተቀበለችም። ደብተሩን ከላስቲኩ አወጣች፣ ቆማ ማንበብ ጀመረች።

"ሰኔ ሰባት ማክሰኞ፦ ቀረ። ሰኔ አሥራ አራት ማክሰኞ፦ ቀረ። ሰኔ ሃያ አንድ ማክሰኞ፦ ቀረ።"

ንዱንዳ ሳቀ። "እናቴ፣ አንቺ ደግሞ ቀልደኛ ነሽ!"

"ሰኔ ሃያ ስምንት ማክሰኞ፦ ቀረ።"

"ገባኝ እኮ። በቃ፣ ገባኝ።"

ቀጠለች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። የገበያ ዋጋ የምታነብ ነው የምትመስለው። ሻዩ ብርጭቆ ውስጥ ቆዳ ሠራ። ንዱንዳ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ስልኩን አየ፣ ተነሳ። በአርባኛው ላይ "ይበቃል አልኩ!" ብሎ ጮኸ። አርባ አንደኛውን አነበበች። ሴቶቹ ከእሷ ጋር "ቀረ" ማለት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ዘጠና ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ደብተሩን ዘጋች።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አላት፤ "እናቴ" ማለቱን ረስቶ።

"የአባል ቅጣት።"

ሰውየው ሞኝ አይደለም። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። "ይሄን አትሉም እንዴ! አምስት ፍየል! ከበረቱ አምጡ! አንተ ልጅ፣ እሱን ስልክ ይዘህ ና፣ ፎቶ አንሳን። ለእናቶቼ ከልቤ የሰጠሁት ነው!"

ፍየሎቹ መጡ። የሰቡ ናቸው። ሴቶቹ መሐል ጉርምርምታ ተነሳ።

"የሙቱኩ እናት፣ ፍየል እምቢ ይባላል?" አለች አንዷ በጆሮዋ። "አምስት እኮ ናቸው!"

"ቅጣት እኛ እንወስዳለን እንጂ አይሰጠንም" አለች ስዮምቡዋ። "የሰጠን እንደሆነ አመስግነን ነው የምንወጣው። ማመስገን ትፈልጊያለሽ?"

ወደ ጓሮ ሄደች። የቀረውን ሻይ መሬት ላይ ደፋች፤ ድስቱን እንደጋለ በጨርቅ ይዛ አነሳችው። ካታኑ አፏን ይዛ ጮኸች። "ድስቴን? እባካችሁ ፍየሎቹን ውሰዱ! ሰው ምን ይለኛል? ድስቷ የተወሰደባት ልባል?" ሴት ናት፤ የእኛው ልጅ ናት፤ የድስት ነውር ይገባታል። ባሏን ዞራ አየችው። ባሏ ስልኩን እያየ ነበር።

ድስቱን ይዘው ሲወጡ ምባታ በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እልል አለች።

ለዚያ ማክሰኞ ብዬ ታሪኩን እዚህ ባቆመው ደስ ባለኝ። ግን የሆነውን ነው የምጽፈው።

በማግስቱ በየሰው ስልክ ላይ ፎቶግራፍ ዞረ። ሴቶቹ ንዱንዳ ግቢ ውስጥ ቆመዋል፣ ሻይ በእጃቸው ነው፣ እሱ ፈገግ ብሏል። ከስሩ "ከእናቶቼ ጋር ስለ ልማት ስንወያይ" ይላል። በዚያው ቀን ከገበያው ሱቅ አዲስ ድስት ተገዝቶ ወደ ሰማያዊው ጣሪያ ሲወጣ ያላየ የለም። ከድሮው ይተልቃል። ቀጣዩ ማክሰኞ መጣ፤ ሰውየው አልመጣም። የሚቀጥለውም።

ያኔ ነው የገባን። ደንባችን የወጣው አንድ ድስት ላለው ሰው ነው። አንድ ድስት ያለውን ያስገድዳል፣ ያስመጣል፣ ያስሸክማል። ሌላ መግዛት የሚችለውን ምን ያደርገዋል? አያቶቻችን ደንቡን ሲያወጡ ሁለት ድስት ያለው ጎረቤት አልነበራቸውም። እኛ ደግሞ ድንጋይ ሲሸከም ስላየነው ብቻ እንደኛ ነው ብለን አመንን። ስህተቱ የእኛ ነው፤ ወንጀሉ ግን የሱ ነው። ሁለቱን የሚያምታታብኝ ሰው እንዳይመጣ።

በኅዳር ዝናቡ መጣ፤ ሁለተኛው ዝናብ ካለፈ ወዲህ የመጣ ሌላ ዝናብ። ወንዙ ሁለት ቀን ፈሰሰ። ሴቶቹ ክምሩ ላይ ቆመው አዩት። ቡናማ ውኃ፣ ቅርንጫፍ፣ የሞተ ውሻ፣ አረፋ። ሁሉም ወደ ባሕር። በሦስተኛው ቀን አሸዋው ደረቀ። ስዮምቡዋ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ሩቁ ጉድጓድ ሄደች።

በማክሰኞው የመጡት አሥራ አራት ናቸው። ስም ተጠራ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ስዮምቡዋ አልጠራችውም። መስመር አሰመረችበት፣ ሰረዘችው።

"ማርሽው እንዴ?" አለች ካሉንዴ።

"አባል አይደለም" አለች ስዮምቡዋ። "አባል አድርገን ከያዝነው የምንችለው ድስት መውሰድ ብቻ ነው። እሱ የመረጥነው ሰው ነው። የመረጥነውን ሰው ማውረድ ይቻላል ይባላል። እንዴት እንደሆነ ልጠይቅ ነው።"

ምባታ ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። "አንቺ? በሰባተኛ ክፍል?"

"ማንበብ እችላለሁ።"

ከተማ ሄደች፣ ምርጫ ጽሕፈት ቤት። ጠረጴዛው ኋላ የነበረው ሰው አላንጓጠጣትም፤ ወረቀት ሰጥቷት በጣቱ እያሳየ አስረዳት። ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ ሠላሳው ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና ፊርማውን ማስፈር አለበት። በእኛ ወረዳ ከአራት ሺህ ሰው በላይ ማለት ነው። ቀነ ገደብም አለው። "ስንት ሰው አላችሁ?" አላት። "አሥራ አራት" አለች። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። "እናቴ፣ አይቀልሽም..." ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። ወረቀቱን አጣጥፋ ላስቲኩ ውስጥ አስገብታ ወጣች።

ሙቱኩ ደወለ፤ የገና በዓል ሳይሆን። "እማዬ፣ ተይው በቃ። ነይ፣ አልጋ አዘጋጅቻለሁ። ሰውየው ጉልበት አለው።"

"ማክሰኞ ሥራ አለብኝ" አለችው።

አሁን በየማክሰኞው ድንጋይ አትሸከምም። በእግሯ መንደር ለመንደር ትዞራለች። ምባታ ሳይነገራት መጥታ ከጎኗ ታነክሳለች፤ የምትሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የንዱንዳ ሰዎች ቀድመው እየሄዱ ዱቄት ያድላሉ። አንዳንድ ቤት ውሻ ይለቀቅባቸዋል። አንዳንድ ቤት "ሁሉም ያው ነው፣ ለምን ትደክማላችሁ" ይሏቸዋል፤ ይህን የሚሏቸው ክፉዎች አይደሉም፤ የደከሙ ናቸው፤ እኔን ግን ከውሻው ይልቅ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ስዮምቡዋ ወረቀቱን ዘርግታ ትቆማለች። ፊቷ ላይ ተስፋም ቁጣም የለም። ወገቧን በግራ እጇ ደግፋ ትጠብቃለች። ትናንት የደረሰችበት ቁጥር ስድስት መቶ አርባ ነው።

ወደ እናንተም መንደር ትመጣለች። ደጃችሁ ስትቆም ቁጭ በይ አትበሏት፣ ስለ ጤናዋ አትጠይቋት፣ አታዝኑላት። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውጡና ፈርሙ።